የተቃጠለው መጨረሻ

ደብሪቱ በሩ ላይ ቆማ «ምንዳዬ ዛሬ ጓንቱን ረስቶ ወጣ እንዴ?» ስትለኝ «እንጃ» አልኳት። ምስር እየለቀምኩ ስለነበር ቀና ብዬም አላየኋት። እሷም «በይ እሺ» ብላ ሄደች። ነገሩ የታወቀኝ ከቀናት በኋላ የልጄን ሸሚዝ አጥቤ ስጨምቅ ነው። ልጄ ጓንት የለውም። ኖሮትም አያውቅም። በእኛ ከተማ ብርድ የሚባል የለም፤ ጓንት የሚሸጥ ሱቅም የለም። ሸሚዙን እዚያው ሳፋው ውስጥ ትቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እኔ ድሮም ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ። ልጄ ትንሽ ካመሸ፣ ለቅሶ የሚደርሱት ሰዎች የት የት እንደሚቀመጡ አስቤ ጨርሼ ነው የምጠብቀው። ስለዚህ ይህን ነገር ቀድሞ ማወቅ የሚገባው ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ምስሩ ድንጋይ በዝቶበት ነበር።

የከተማችንን ልማድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ከተማ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጆሮ አለው። ጆሮ የሚባለው ከጎረቤት የሚመደብ ሰው ነው። ማታ ማታ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ የቤቱን ወሬ ይሰማል፤ በሳምንቱ ደግሞ ጆሮ ቤት ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ሄዶ በመስኮት የሰማውን ይናገራል። ጆሮ ቤት ውስጥ ምንም ነገር አይጻፍም። ወረቀት ይሰረቃል ይላሉ። ጆሮ መሆን ነውር አይደለም፤ ሁሉም ሰው የአንዱ ጆሮ ነው፣ ለእሱም ሌላ ጆሮ አለው። ማታ ጆሮው መጥቶ «ደህና እደሩ» ብሎ ሳይወጣ የማንም በር አይቆለፍም። ከወጣም በኋላ ቁልፉ ሲዞር እስኪሰማ ድረስ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

የእኛ ቤት ጆሮ ደብሪቱ ናት። በአንድ ወር ነው የተዳርነው። ዘይት ሲያልቅብኝ ከእሷ ነው የምበደረው።

እኔ ደግሞ የአቶ ወልደሩፋኤል ጆሮ ነኝ። ጃንጥላ ጠጋኝ ነበሩ፤ ቤታቸው ከድልድዩ አጠገብ ነው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። መስኮቱ ላይ ቆሜ «አነከሱ፣ አሳላቸው» እያልኩ ዓመታት ኖርኩ። ካለፈው ክረምት በፊት ሞቱ። ይህንኑ ሄጄ ስናገር፣ ከመስኮቱ ጀርባ የሚቀመጠው ሰሚ «ጆሮ የሚናገረው የሰማውን ነው። ሞት ድምፅ የለውም። ምን ሰማሽ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

«እሱን በያ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየሄድኩ «አቶ ወልደሩፋኤል ዘንድ ምንም አልሰማሁም» እላለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ቃሏን የማትለዋውጥ ጆሮ ተብዬ ሳሙና ተሸለምኩ።

ችግሩ የመጣው ከአዲሱ ትእዛዝ ጋር ነው። ጆሮ ቤት ከእንግዲህ ቁርጥራጭ ወሬ አልሰማም አለ። መነሻ፣ መሃልና መድረሻ ያለው ወሬ ይምጣ ተባለ። ሞቱ ያልተሰማላቸው አቶ ወልደሩፋኤል ብቻ፣ ከትእዛዙ በፊት የተጀመሩ ናቸው ተብለው ታለፉልኝ። ሌላው ሰው ግን ባዶውን ከሄደ ወደ ጨው መጋዘን ይላካል። ከጨው መጋዘን የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የከተማችን ሰው ደግሞ መነሻና መድረሻ ያለው ሕይወት የለውም። ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። መነሻና መሃል ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበረን፤ እሱም ፊልሙ ነው። አንድ አዳራሽ፣ አንድ ፊልም። የስለላ ፊልም ነው። ጓንት ያደረገ ሰላይ ከሾፌሩ ጋር በብርዳማ ከተማ ውስጥ ይዘዋወራል። ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ሰዓት ሠሪ ቤት መልእክት ትተውለታለች። አንድ ወሬ አቀባይ ደግሞ አንዱን ውሸት ለሁለት ወገን ይሸጣል። መጨረሻ ላይ ባለ ጓንቱ ሰውዬ ድልድይ መሃል ደርሶ ወደ ኋላው ይዞራል። እዚያ ላይ መብራት ይበራል። የቀረው ገና በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ውስጥ ተቃጥሏል። ሰው በየቅዳሜው እየሄደ ያየዋል። እኔ ብቻ አላየሁትም፤ አዳራሹ በር አንድ ብቻ ስለሆነ እሳት ቢነሳ ብዬ እፈራለሁ።

መጀመሪያ ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ባዶውን መሄድ የፈራ አንድ ጆሮ፣ ስለ ጎረቤቱ ስለ አዋላጇ ሲጠየቅ፣ ቀይ ሻሽ አስራ ሰዓት ሠሪ ቤት መልእክት ስትተው አየሁ አለ። ወሬው ተወደደለት። በሳምንቱ ሌላው ሰማ፣ ሌላውም ቀጠለ። የጆሮ ቤት ሠራተኞች አዳራሽ መግባት አይፈቀድላቸውም፤ ጆሮ መዝናናት የለበትም ይባላል። ስለዚህ ፊልሙን ያየ አንድም ሰው እዚያ ውስጥ የለም። ከየሰፈሩ የሚመጡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲነግሯቸው ምን ያድርጉ፣ አመኑ።

ሰዓት ሠሪው ተወሰደ። ቀይ ሻሽ ያላቸው ሴቶች ሻሻቸውን ጥቁር ነከሩ፤ ሻሽ የነከሩትም ተወሰዱ። አንድ መምህር መስኮቱ ድረስ ሄዶ «ይህ እኮ ፊልም ነው» ብሎ ተናገረ። ጆሮ ቤት እሱንና የአዳራሹን ባለቤት ወሰደ፤ ሴራውን ፊልም አድርገው ለሕዝብ አሳይተዋል ተብሎ። ፊልሙ ግን እንዲቀጥል ተፈቀደ፤ ሰው እንዳይደናገጥ።

ድልድያችን ላይም ወታደር ቆመ። ድልድይ መሃል ላይ ወደ ኋላው የዞረ ሰው እንዲያዝ ታዘዘ። ሰው ዳዴ የሚል ሕፃን ይመስል መሻገርን እንደ አዲስ ተማረ። ባርኔጣው በነፋስ የተወሰደበት ሰው አንገቱን ሳያዞር ሲሄድ አይቻለሁ። ልጇ እጇን የለቀቀባት ሴት ደግሞ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ «ና፣ ና፣ ና» እያለች ተሻገረች። ልጁ መጣላት።

እንግዲህ ጓንቱ ሲታወቀኝ ይህ ሁሉ ነበር። ሸሚዙን ትቼ ደብሪቱ ቤት ሄድኩ። ሽንኩርት እየከተፈች አገኘኋት።

«ደብሪቱ፣ ጓንቱ ከየት መጣ?»

«ተቀመጪ» አለችኝ።

«አልቀመጥም።»

«ቆመሽ ስሚኛ። ያንቺ ልጅ አይጠጣ፣ አይጣላ፣ ሴት የለው። ታፔላ ሲጽፍ ይውላል፣ በልቶ ይተኛል። እንዲህ ያለ ልጅ ወልደሽ እኔ ምን ላወራ ነው? አንድ ቀን እንኳ ሰክሮ ቢገባ ምን ነበረበት?»

«ሌላ ሰው ልታደርጊው አትችይም ነበር? ሾፌሩን?»

«ሾፌሩን እነ ሽታዬ ቀድመው ለጎረቤታቸው ሰጡት። ወሬ አቀባዩንማ ማን ይደፍራል። የቀረው ባለ ጓንቱ ነው።»

«ስትጠይቂኝ ምን ልታደርጊበት ነበር?»

«ደስ እንዲላቸው ነዋ። ‹እናቱን ጠየቅኳት፣ ደበቀችኝ› አልኩ።»

«የለውም ብልሽስ ኖሮ?»

«‹እናቱ ካደች› እል ነበር። አትጸጸቺ፣ ያው ነው።» በክንዷ ዓይኗን ጠረገች፤ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ አላወቅኩም።

«አንሺው ደብሪቱ። ተሳስቻለሁ በያቸው።»

«ቃሉን ያጠፈ ጆሮ የት እንደሚሄድ አታውቂም? ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፣ የምንዳዬ እናት። አንቺ ታሳድጊልኛለሽ?» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ደግሞ ባለ ጓንት ያንቺ ልጅ ብቻ አይደለም። ከየሰፈሩ ስምንት ባለ ጓንት ቀርቧል። ሐሙስ ጠዋት ስምንቱንም ይሰበስቧቸዋል አሉ፣ መጨረሻው እስኪታወቅ።»

«መጨረሻውማ ተቃጥሏል።»

«እኔና አንቺ እናውቃለን። እነሱ አያውቁም።»

ማክሰኞ ነበር። ምንዳዬ ወደ ማታ ሲመጣ ነገርኩት። እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል። ሳቀ።

«ጓንትስ ቢኖረኝ ጥሩ ነበር እማ። ይሄ ቀለም ከጥፍሬ አልለቅ ብሎኛል።»

«አትቀልድ።»

«እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«ፊልሙን ንገረኝ።»

ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ነገረኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው ስለሆነ አንድም ነገር አላለፈውም። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ወሬውን አቆመ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መብራት ይበራል።»

«ሰውየው ምን ሆነ?»

«እዚያ ላይማ ሁልጊዜ እንጨቃጨቃለን። ግማሹ ተተኮሰበት ይላል፣ ግማሹ ተሻገረ ይላል።»

«አንተስ?»

«እኔ መዞሩ ነው የማይገባኝ። እዚያ ድረስ ደርሶ ለምን ይዞራል?»

እኔ ግን ገብቶኛል። አልነገርኩትም።

ረቡዕ የእኔ ተራ ነው። ጆሮ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ መጋረጃ አለ፤ ሰሚው የተናጋሪውን ፊት አያይም፣ ተናጋሪውም የእሱን። ፊት ያሳስታል ይላሉ። ስማችንንም አንጠየቅም፤ የማን ጆሮ እንደሆንን ነው የምንናገረው። የእኔ ሰሚ አቶ ዓለምሰገድ ይባላል፤ በድምፁ አውቀዋለሁ።

«የማን ጆሮ?»

«የአቶ ወልደሩፋኤል።»

«ምንም አልሰማሁም በይና ሂጂ።»

«ዛሬ ሰማሁ። ተናገሩ።»

ወንበር ተንቀሳቀሰ። «ምን አሉ?»

ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ነገር ነበር። ጆሮ ስለተመደበለት ሰው ብቻ ነው መናገር የሚችለው። የእኔ ሰው ደግሞ ሞቷል፤ ከእንግዲህ የሚደርስበት የለም። «ባለ ጓንቱ እኔ ነኝ አሉ» አልኩ።

«ያንቺ ሰውዬ ያነክሳሉ። ዓመታት ሙሉ አንቺው ነሽ ያነክሳሉ ያልሽን። ባለ ጓንቱ አጥር ይዘላል፣ ከስምንት ቤት ሰምተናል። ቃልሽን ታጥፊያለሽ?»

«አላጥፍም ጌታዬ። ሽማግሌ ናቸው፣ መጀመሪያ ይቀባጥራሉ። ቀጥለው ግን መጨረሻውን ነገሩኝ።»

መጋረጃው በትንፋሹ ወደ እኔ መጣና ተመለሰ።

«የምኑን መጨረሻ?»

«የባለ ጓንቱን። ከመስኮታቸው ድልድዩ ይታያል። መጣ አሉ፣ ድልድዩ መሃል ደረሰ። ቆመ።»

«ዞረ?»

ዞረ ብል ይይዙታል ብዬ አሰብኩ። «አልዞረም። ተሻገረ።»

«ተሻገረ» አለ ቀስ ብሎ። «ወታደሩስ?»

«አልዞረማ፣ ምን ብሎ ይይዘዋል?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሄደ። ማዶ ያለው ዛፍ ሸፈነው አሉ።»

አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁት። «ስንጠብቀው ከረምን» አለ። ለእኔ የተናገረ አይመስለኝም። ከዚያ ድምፁ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። «ስሙስ?»

«ስም አልነገሩኝም።»

«ስም ከሌለው መድረሻ የለውም። ከስምንቱ የትኛው ነው?»

«አንዱ ከሆነ፣ የቀሩት ሰባቱስ ጌታዬ?»

«የቀሩትማ ግብረ አበሮቹ ናቸው፣ ነገ ይሰበሰባሉ። የተሻገረውን ግን አንፈልገውም። ወንዙ ድምፅ አለው፤ ከወንዙ ማዶ ጆሮ ቤት አይሰማም።»

ስምንቱንም አውቃቸዋለሁ። እናቶቻቸውንም አውቃለሁ። አንዷ ልጇን አርግዛ ስትታመም ሾርባ አድርሼላታለሁ። ይህን ሁሉ አሰብኩ ማለት እችላለሁ፤ እውነቱ ግን አፌ ቀደመኝ።

«ምንዳዬ» አልኩ።

«ታፔላ ጸሐፊው?»

«እሱ።»

«እናት አለችው?»

«አለችው።»

«እንዴት ሆነች?»

«እስካሁን አታውቅም» አልኩ።

«ምስኪን» አለ አቶ ዓለምሰገድ። «እንግዲህ ዛሬ ማታ የቤታቸው ጆሮ ታጣራለች። ልጁ ከሌለ መድረሻው ተዘጋ። ቤቱ ውስጥ ከተገኘ ግን ሐሰተኛዋ አንቺ ነሽ፤ እሱም ከሰባቱ ጋር ይሄዳል።»

ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን አላስታውስም። ልጄን ላስቀር ብዬ ነበር የሄድኩት።

የምንዳዬ ጓዝ ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ነው የኖረው። አንድ ቀን ይወስዱታል እያልኩ በየዓመቱ ልብሱን እየለወጥኩ፣ ካልሲና ብርድ ልብስ እየጨመርኩ አልጋ ሥር አስቀምጥ ነበር። ሻንጣውን ስጎትተው እሱ ከሥራ ደርሶ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ሳይጠይቀኝ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት።

«ማዶ ማን አለ?» አለኝ።

«ማንም የለም። ማንም ስለሌለ ነው።»

«መቼ ነው የምመለሰው?»

ካልሲውን እንደገና አጣጠፍኩ።

«እማ፣ ባለ ጓንቱ ቤቱ ገብቶ ተኛ አሉ ብትይ ምን ነበረበት?»

«የተኛ ሰው መድረሻ የለውም፣ ልጄ። አይቀበሉኝም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ «እነ ሰባቱስ?» አለ። አንዱ አብሮት የተማረ ነው። ሻንጣውን ስዘጋ አይቶ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ቀለሙ እንዳለ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ» አልኩት። «ድልድዩ ላይ አትዙር። ብጠራህም።»

«ልትጠሪኝ ነው?»

«አልጠራህም። ግን ብጠራህም።»

አብሬው እንዳልሄድ ተስማማን። ከወጣ በኋላ ግን በጓሮ በር ወጥቼ አቶ ወልደሩፋኤል ቤት ገባሁ። ጆሯቸው ስለሆንኩ የሚከለክለኝ የለም። ከጃንጥላዎቹ መሃል አልፌ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ወታደሩ ድልድዩ ራስ ላይ ቆሞ ዘለላ ወይን ይበላል። ልጄ መጣ። ሻንጣውን በቀኝ ትከሻው አንግቧል። መሃል ሲደርስ ቆመ።

ወታደሩ ወይኑን አስቀመጠ።

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ምንዳዬ ሻንጣውን ወደ ግራ ትከሻው አዛወረና ሄደ። ሳይዞር ሄደ። ማዶ ያለው ዛፍ ሸፈነው። ጆሮ ቤት ከራሴ ፈጥሬ ያወራሁት ነገር አንድም ሳይጎድል ሆነ። የለመንኩት እኔው ነኝ። ሆኖም እዚያ መስኮት ላይ ቆሜ፣ አንዴ እንኳ ሳያየኝ፣ ብዬ ተቀየምኩት።

ሰባቱ ሐሙስ ጠዋት ተወሰዱ። እናቶቻቸው ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል። ልጄ ያመለጠው በራሱ ብልጠት ይመስላቸዋል፤ እንዲያውም አንዷ «ታድለሽ» ብላኛለች።

ያን ረቡዕ ማታ ከድልድዩ ወደ ቤት ስመለስ በሩን ገርበብ አድርጌ ጠበቅኩ። ደብሪቱ በሥራዋ ሰዓት አሳልፋ አታውቅም። ያን ቀን ግን ዘገየች። የዘገየችው ልጄ ርቆ እንዲሄድ ጊዜ ልትሰጠው ይሁን ወይስ እኔን ፊት ለፊት ማየት ከብዷት፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃትም የምትለውን አላምንም።

ገብታ ቆመች። አልጋውን አየች፣ የልብስ መስቀያውን አየች። ከዚያ ጠረጴዛውን አየች። ሳላስበው ለሁለት ሰው አቅርቤ ነበር።

«ይሄ የማን ነው?» አለች በጣቷ እያሳየች።

የቀረበ ምግብ የሚበላ ሰው አለ ማለት ነው። ይህን መስኮቱ ላይ ብትናገር አንድ ሳምንት ሙሉ ይሰሟታል።

ደብሪቱ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ እጇን ታጠበችና የልጄ ቦታ ላይ ተቀመጠች። መብላት ጀመረች። ጉርሻዋ ትልልቅ ነበር፤ ቤቷ የሚላስ እንዳልነበረ ያወቅኩት ያኔ ነው።

«ጨው አንሶታል» አለች።

«ልጨምር?»

«ተይው።» አላምጣ ዋጠች። «ሄደ?»

«ሄደ።»

«ዞረ?»

«አልዞረም።»

«ጎበዝ» አለች። ሳህኑን ጠርጋ በላች፣ አንድም አላስቀረችም። እጇን እየታጠበች ጀርባዋን ሰጥታኝ «አሁን ካንቺ ቤት ምን እንደማወራ እንጃ» አለች። «አንዲት ሴት፣ ብቻዋን። ከዚህ ምን ይወጣል?»

«አንድ ነገር አታጪም።»

«አላጣም» አለች፣ ያዘነች መሰለኝ። ነጠላዋን መልሳ ተከናነበች። «በይ ደህና እደሪ።»

ወጣችና ከደጃፉ ላይ ቆመች። በሩን ገፋሁት። ቁልፉን ያዝኩ። ልጄ ውጭ እያለ ይህን በር ቆልፌ አላውቅም። ከበሩ ማዶ እግሯን ስታፈራርቅ ይሰማኛል፤ እሷም የእኔን ትንፋሽ ሳትሰማ አትቀርም።

«የምንዳዬ እናት» አለች በቀስታ።

«አቤት።»

«ቆልፊው እንጂ። ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው።»

ቆለፍኩት።